ጥቍር ሰሌዳው፥ ፕላዝማውና ስልኩ

በባሕር ዳር ከተማ በታክሲ የተሳፈረ ሰው ወያላው ደጋግሞ ከሚጠራቸው የሰፈር ስሞች አንዱን «ፔዳ» ሆኖ ያገኘዋል። እንግዳ የሆነ እንደ ሆነ የሰው ወይም የዛፍ ስም ይመስለዋል። ከከተማው ልጆች መካከል እንኳ ስሙን በየቀኑ እየጠራ ከየት እንደ መጣ የማያውቅ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት፥ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት በዚህች ከተማ «የፔዳጎጂ አካዳሚ» የተባለ ተቋም ተመሠረተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ፔዳጎጂ ማለት የማስተማር ጥበብ ማለት ነው። ሕዝቡ ረጅሙን ስም ከወገቡ ቈርጦ «ፔዳ» አለው። አካዳሚው ኋላ የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ተባለ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ከተቋቋመው ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሁሉ ለውጥ ሲደረግ ፔዳ ግን ፔዳ እንደ ሆነ ቀረ።

አካዳሚው ሲቋቋም የታሰበለት ሥራ ተራ አልነበረም። ሕፃናትን የሚያስተምሩ መምህራንን ብቻ ሳይሆን፥ እነዚያን መምህራን በማሠልጠኛ ተቋሞች የሚያስተምሩትን፥ ማለት የመምህራንን መምህራን ለማውጣት ነበር። ዛሬም በጐንደር፥ በደብረ ታቦር፥ በደብረ ማርቆስ፥ በደሴ፥ በደብረ ብርሃን፥ በፍኖተ ሰላም፥ በእንጅባራና በወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ፤ ከፔዳ የወጡ ሰዎችም በእነዚህ ኮሌጆች ሲያስተምሩ ይገኛሉ።

የመምህራን መምህር ሥራው እንደ ወለድ አገድ ሳይሆን እንደ እርሾ ነው። አንባቢ ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል ራሱ ይሥራው። አንድ አሠልጣኝ በአንድ ክፍል 40 እጩ መምህራን አሉት እንበል። እያንዳንዱ እጩ ተመርቆ በየዓመቱ 50 ልጆች ያስተምራል፤ 30 ዓመትም ያገለግላል። ያ አንዱ ክፍል ብቻ 60 ሺሕ ልጆች ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲህ አሠልጣኙ በዚያ ክፍል ውስጥ ያሳየው መልካም ነገርም ሆነ ጉድለት በዚሁ ቍጥር ተባዝቶ ይሄዳል። ዛሬ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ስልክ፥ በአጠቃላይም ዲጂታል ስለሚባለው መሣሪያ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ስላለው ነገር ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ፕላዝማን ነው። በ1997 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጥ ነበር። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የመስኮቱ መምህር ነበር፤ የቀረችው ጥቂት ደቂቃ ለክፍሉ መምህር ትሰጥ ነበር።

የኛ የሒሳብ መምህር በደንብ የሚያስተምር፥ ጠመኔ በእጁ ሲይዝ የሚያምርበት ሰው ነበር። ፕላዝማው ከመጣ በኋላ ግን ሥራው ገብቶ ማብራት፥ ከጎን መቆም፥ ጨርሶ ሲወጣ ማጥፋት ሆነ። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ለአፍታ ዝም ትላለች፤ እኛ ጥያቄውን ተርጕመን ሳንጨርስ «ጎበዞች! ትክክል ነው» ብላ ታመሰግነናለች። ማናችንም አንዳች አልመለስንም። ከ60 በላይ ሆነን የተቀመጥን ልጆች ስላልሠራነው ሥራ በየቀኑ ስንመሰገን ከረምን። መብራት የጠፋ ዕለት ክፍሉ በደስታ ይናጋል፤ መምህሩ ግን ዕለቱን የሚያስተምረውን አላዘጋጀም ነበርና በሰሌዳው ፊት ቆሞ ይቸገራል።

ፕላዝማው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። የሚመታ ልብ፥ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ፥ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ፈጽሞ የማይታይ ነገር በዚያ መስኮት አይቻለሁ። በቂ የፊዚክስ መምህር ባልነበረባቸው ወረዳዎችም ጥቅሙ የጎላ ነበር። ስሕተቱ ሌላ ነው። መሣሪያው ሲገዛ መምህሩ ከሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ማሠልጠኛው መምህሩን «አንተ ነህ የምታስተምር» ብሎ መርቆ ሰደደው፤ ክፍል ሲገባ ግን ሌላ ሰው ሲያስተምር አገኘ።

ይህ ነገር በኛ አልተጀመረም። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ ፊልም መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት በቅርብ ጊዜ ያስወጣቸዋል ብሎ ተንብዮ ነበር። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም መጽሐፉ ከልጆች ቦርሳ አልወጣም። በአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1964፥ በኮትዲቩዋር ደግሞ በ1971 ዋና ዋናውን ትምህርት በቴሌቪዥን ለመስጠት ትልቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየቀነሰ ሄደ፤ ሁለተኛውም ከዐሥር ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ቆመ። እኛም ከእነሱ ተምረን ቢሆን ኖሮ ብዙ ብር በተረፈን ነበር።

ከ10ኛ ክፍል በኋላ በ10+3 መርሐ ግብር አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገባሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዚያ «የኮምፒዩተር መግቢያ» የሚባል ትምህርት ነበረን። መምህራችን ጥቍር ሰሌዳው ላይ ማውዝ በጠመኔ ሣለልን፤ ጅራቱ ሳይቀር እንደ እውነተኛው አይጥ አድርጎ ስለ ሣለው ሳቅን። የቍልፎቹንም ሰሌዳ ሥሎ ፊደሎቹን ጻፈልን። በፈተናው ላይ «አምስት የማስገቢያ መሣሪያዎችን ጻፍ» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ጻፍሁ፤ ኤ አገኘሁ። ኤ እስካገኝ ድረስ ግን ኮምፒዩተር በጣቴ አልነካሁም ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በግቢው ውስጥ አልነበሩም እንዳልል ነበሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ላስቲክ ለብሰው፥ በሩ ተቈልፎ፥ በመስኮቱ ሽንቍር እናያቸው ነበር።

ያን ጊዜ በመምህሩ ላይ አዝኜ ነበር። ኋላ ራሴ የመንግሥት ሥራ ስይዝና «ሞዴል 22» በሚባለው ቅጽ ላይ ፈርሜ ዕቃ ስረከብ ግን ሰውየው ገባኝ። በስሙ የተመዘገበ ዕቃ ቢሰበር ከደመወዙ ይቈረጣል። ላስቲክ አልብሶ ቢቈልፍበት ግን ማንም አይጠይቀውም፤ እንዲያውም በቈጠራ ቀን «ንብረት በሚገባ ይዟል» ተብሎ ይመሰገናል። ዕቃ ሳይሠራ ቢያረጅ ተጠያቂ የለም፤ ሲሠራ ቢሰበር ግን ተጠያቂ አለ። እንግዲህ በዚህ ሕግ የሚኖር አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ይህን ስታነቡ ጥቂት ቆም ብላችሁ ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ሰው አዲስ መሣሪያ ከመቀበሉ በፊት ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቃል ብሏል። «ይጠቅመኛልን?» እና «ይቀለኛልን?» የሚሉ ናቸው። ስለ ቴክኖሎጂ መቀበል በየዩኒቨርሲቲው የሚጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ቆሟል። በኛ አገር ግን «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» የሚል ሦስተኛ ጥያቄ አለ።

ስልክ ሦስቱንም ስለ መለሰ ያለ ምንም ሥልጠና ገባ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለመምህራን ኮርስ አልተሰጠም፤ ነገር ግን ጡረታቸው የቀረበ መምህራን እንኳ ዛሬ የዕድር ገንዘብ በስልክ ይልካሉ። ቴሌግራምም እንዲሁ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አሠልጣኞች ከእጩዎቻቸው ጋር የተገናኙት በዚሁ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ትምህርቱን አውርዶ የሚመለስ እጩ መምህር ነበር። ወረርሽኙ አለፈ፤ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ቴሌግራሙ ግን አልተዘጋም። ቀድሞ በፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተሰልፈን እንገዛው የነበረው ሃንዳውት አሁን ሌሊት በ4 ሰዓት ስልክ ላይ ይደርሳል።

ይህን ያየ ሰው «እንግዲህ መምህራኑ ዲጂታሉን ተቀብለዋል» ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ይችላል፤ ብዙዎችም ጽፈዋል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። በወረቀት የነበረው ሃንዳውት በስልክ ሆነ እንጂ ሃንዳውቱ ያው ነው። መምህሩ ከፊት ቆሞ ያነባል፤ እጩዎቹ ይጽፋሉ፤ አሁን መጻፉ እንኳ ቀርቶ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ያነሣሉ። ፕሮጀክተር ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ ያነባል። ጥቍሩ ሰሌዳ ነጭ ከመሆኑ በቀር የተለወጠ ነገር አይታየኝም። በቅርቡ ደግሞ ጽሑፍ የሚጽፈው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቶ፥ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚቸገረው እጩ እንከን የሌለው አሳይመንት ያቀርባል። አሠልጣኙም ያውቃል፤ እጩውም አሠልጣኙ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ማርኩ ግን ይሞላል።

የፊደሉም ነገር አለ። በአማርኛ የተጻፈ የቈየ ሃንዳውት በስልክ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ጽሑፉ በቀድሞው የግዕዝ መጻፊያ፥ የራሱን የፊደል አቀማመጥ በሚጠቀም ፕሮግራም ስለ ተተየበ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬ በአብዛኞቹ ስልኮች ይነበባል። ይሁን እንጂ በየኮሌጁ የአሮጌው አጻጻፍ ፋይል ገና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። አንድ ሰው ተቀምጦ ሊለውጠው የሚችል ነገር ነው፤ የማንም ሥራ ስላልሆነ ግን አልተለወጠም።

ከዚህ የሚከብደው የቋንቋው ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። በእንጅባራ አካባቢ ያለው ልጅ በአዊኛ ይማራል። በኢንተርኔት የሚገኘው የማስተማሪያ ፊልምና ጨዋታ ግን ባመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እጩ መምህሩ በኮሌጅ የሚያየው ዲጂታል ትምህርት ሌላ፥ ነገ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር የሚናገረው ቋንቋ ሌላ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም አንድ አያት የሚያውቁትን ተረት በአዊኛ ወይም በአማርኛ በስልክ ድምፅ ቀድቶ ክፍል ውስጥ ማሰማት አንዳች ገንዘብ አያስወጣም። ይህን የሚያደርጉ መምህራን አሉ። በሪፖርት ውስጥ ግን አይገቡም፤ ሪፖርቱ የሚቈጥረው የተገዛ ዕቃ ነውና።

ወደ ባሕር ዳር በቅርብ በሄድሁ ጊዜ ከአንድ ወዳጄ ጋር በጣና ዳር ተቀምጠን ስለዚሁ ስንጨዋወት ዋልን። ወዳጄ መምህራንን ያሠለጥናል። ከፊታችን በደንገል ታንኳ ላይ አንድ ሽማግሌ መረብ ይዘው ያልፋሉ፤ ማዶ የዘጌ ደን ጠቍሮ ይታያል። ከወዲያ ወዲህ ስንል ነገሩ ወደ አብነት ትምህርት ቤት ዞረ። በዘጌና በደሴቶቹ ባሉት ገዳማት ዙሪያ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ የኔታዎች ስለ ማስተማር ዘዴ ኮርስ አልወሰዱም። ነገር ግን ቀድሞ የገባው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ የኔታም በቅርብ ሆነው ይሰማሉ፤ ሲሳሳት እዚያው ያርሙታል። መምህርነቱን የሚማረው መምህሩን እያየና በመምህሩ ጆሮ ሥር እያስተማረ ነው። ስሙም ራሱ አብነት ነው፤ ምሳሌ ማለት ነው።

ወዳጄ ያን ጊዜ የነገረኝን ነገር ሳስበው እስከ አሁን ልቤን ይነካኛል። እጩ መምህር የሚያስተምረው እንደ ተነገረው አይደለም፤ እንደ ታየው ነው። ስለ አሳታፊ ትምህርት ለሁለት ሰዓት ያለ ማቋረጥ ገለጻ ያደረገለት አሠልጣኝ ያስተማረው ለሁለት ሰዓት ያለ ማቋረጥ መናገርን ነው። ስለ ዲጂታል መሣሪያ በጥቍር ሰሌዳ የተማረም ሰው፥ እንደ እኔ፥ ማውዝ መሣል ይችላል።

እርሱ ራሱ ያገኘው መላ ከዚህ አሳብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ድዋይት አለን የተባለ መምህር ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ማይክሮ ቲቺንግ» የተባለውን ዘዴ አስጀመረ። እጩው ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስተምራል፤ ያም በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከዚያ ራሱን አይቶ፥ ከአሠልጣኙ ጋር ተወያይቶ፥ ያንኑ እንደ ገና ያስተምራል። በዚያን ዘመን የቪዲዮ መቅረጫ ከባድና ውድ ዕቃ ነበር። ዘዴው ወደ ኛ ኮሌጆች ሲመጣ ስሙ መጣ እንጂ ካሜራው አልመጣም። ስለዚህ እኛ «ማይክሮ ቲቺንግ» ስንማር ለጓደኞቻችን 10 ደቂቃ እናስተምርና አሠልጣኙ «ጥሩ ነው፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ ቀጣይ!» ይለን ነበር። ራሱን ያየ አልነበረም። አሁን ግን ያ ያልመጣው ካሜራ በየእጩው ኪስ ውስጥ ገብቷል።

በማግሥቱ ወዳጄ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። አንዲት እጩ መምህርት ስለ ክፍልፋይ ታስተምር ነበር። ከካርቶን የተቈረጠ ክብ እንጀራ ይዛ ለአራት ትቈርጣለች። ጓደኛዋ ስልኩን በሁለት መጽሐፍ መካከል አቁሞ ይቀርጻል። ለኔ ትምህርቱ መልካም ነበር፤ ድምፅዋም ይሰማል፤ እንጀራውም ያምራል። ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨቡ።

ከዚያ ሦስቱ፥ እርስዋና ሁለት ጓደኞችዋ፥ ከወዳጄ ጋር ቪዲዮውን ለማየት ተቀመጡ። እኔም ከኋላቸው ቆምሁ። በመጀመሪያ በመልክዋና በድምፅዋ አፈረች፤ ሁሉም ሰው ሲጀምር እንዲህ ነው አሉኝ። ጥቂት ቈይቶ ግን ዝም አለች። ከዚያም ስልኩን ራስዋ አቆመችው።

«መምህር፥ ወደ ግራ አልዞርሁም» አለች።

እውነት ነበር። ዐሥሩን ደቂቃ ሙሉ በስተቀኝ ላለው ረድፍ ብቻ ነበር ያስተማረችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ አላየሁትም፤ ወዳጄም አላልኋትም ነበር አለኝ።

«ሌላስ? ጥያቄ ስትጠይቂ ስንት ሴኮንድ ጠበቅሽ?» አላት።

መልሳ ከፈተችው። «ከአንድ አራተኛና ከአንድ ሁለተኛ የቱ ይበልጣል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማን። አንድ፥ ሁለት ብላ በጣትዋ ቈጠረች። በሁለተኛው ሴኮንድ ላይ በቪዲዮው ውስጥ ያለችው እርስዋ «አዎ፥ አንድ ሁለተኛ ይበልጣል፤ ጎበዞች!» አለች።

እኔ በዚያች ሰዓት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሆንሁ። በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን መምህርት ነበር የሰማሁት። ይህች ልጅ ግን ፕላዝማን ያየችው ምናልባት በታላላቆችዋ ወሬ ነው። እንግዲህ ሁለት ሴኮንድ ጠብቆ ራስ መመለስን ከማን ተማረችው? ከመምህራንዋ ነው። መምህራንዋስ? ያ መስኮት ስንቱን መምህር እንዳሠለጠነ ማንም አልቈጠረውም።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳይመስል፥ ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ በድምፅ መቅጃ ጥናት አድርገውበታል። አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ3 ሴኮንድ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ቀድሞ አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆችም መናገር ጀመሩ። እንግዲህ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ነገር የሁለት ሴኮንድ ትዕግሥት ነው። በጨረታ አይገዛም፤ በሞዴል 19ም ገቢ አይሆንም። ነገር ግን ሰው እንደሌለው የሚያውቀው ራሱን ሲያይ ነው።

ይህ ዘዴ ኢንተርኔት አለመጠየቁን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እወዳለሁ። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቈይ፥ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመው ትምህርት ሁሉ ቆሟል። በጸጥታው ችግር የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ዓምድ አይወጣም። በስልክ ውስጥ የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ትምህርት ግን ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይታያል። የስልኩን ባትሪ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መንደር ውስጥም ይታያል።

የሚያሰጋ ነገር የለውም አልልም። እጩዎቹ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ የሚቀርጹት ሕፃናትንም ጭምር ነው። የሕፃን ፊት በቲክቶክ ላይ ለመሣቂያ ሲወጣ አይተናል። ወዳጄ ለዚህ ጥብቅ ደንብ አውጥቷል። ስልኩ ከልጆቹ ጀርባ ይቆማል፤ የሚታየው የመምህሩ ፊት ብቻ ነው፤ ከውይይቱ በኋላም ይደመሰሳል። ደንቡ በአንድ አሠልጣኝ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ቆሞ እንዳይቀር ኮሌጆቹ ሊጽፉት ይገባል። ስልክ የሌላቸው እጩዎችም አሉ፤ ቍጥራቸው ቢያንስም አሉ። ለእነርሱ በላስቲክ ከተሸፈኑት ዕቃዎች መካከል አንዱን ገልጦ መስጠት ነው።

ኮምፒዩተሩስ ይቅር ማለት ነው? አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከፊዚክሱ በፊት በማውዙ ሊወድቅ እንደሚችል ግልጽ ሆኗል። የገጠር ልጅ ይህን የሚማረው ከመምህሩ ነው፤ መምህሩም ከማሠልጠኛው ነው። ስለዚህ የማሠልጠኛው የኮምፒዩተር ክፍል ቍልፍ በማን ኪስ እንዳለ የመጠየቅ መብት ያለው ንብረት ክፍሉ ብቻ አይደለም። ለሚሠራበት ዕቃ የብልሽት በጀት መያዝ፥ ያልተሠራበትን ዕቃ ደግሞ «ለምን አልተሠራበትም?» ብሎ መጠየቅ ለአንድ የክልል ቢሮ ከባድ ውሳኔ አይመስለኝም።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ፤ ልጅቱ ፈቅዳ ነው። በጣና ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልምምድ በተመደበችበት ክፍል ውስጥ ያችው እጩ መምህርት ያንኑ የካርቶን እንጀራ ይዛ ቆማለች። የልጆቹ የራስ ቅል ብቻ ከጀርባ ይታያል። «ከአንድ አራተኛና ከአንድ ሁለተኛ የቱ ይበልጣል?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከንፈርዋ አይንቀሳቀስም፤ ግን በውስጥዋ እየቈጠረች እንደ ሆነ ከዓይንዋ ይታወቃል። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት። ከውጭ የወፍ ድምፅ ይሰማል። አራት። ወደ ግራ ዞረች። አምስት ላይ፥ በግራ በኩል በመጨረሻው ወንበር፥ አንዲት ትንሽ እጅ እስከ ግማሽ ወጥታ ቆመች፤ ተመልሳ ልትወርድ ስትል መምህርትዋ አየቻት።